ጉልበትዎን መርፌ ከመወጋትዎ በፊት

«ልጄ፣ መስገድ ካቆምኩ ይህ ሁለተኛ ጾሜ ነው» አሉኝ። ዕድሜያቸው 64 ነው። ከወንበሩ ሲነሱ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው። በፌስታል የያዙትን መድኃኒት ሲዘረግፉልኝ ግማሽ ያህሉ ዳይክሎፌናክ ነበር። ለሦስት ዓመት ከፋርማሲ እየገዙ ውጠውታል። በላዩ ላይ ባለፈው ዓመት ብቻ ጉልበታቸውን ሦስት ጊዜ ተወግተዋል። ምን እንደተወጉ ስጠይቃቸው «ነጭ ነገር ነው» ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም፤ የተሰጣቸውም ወረቀት የለም።

የመጡት ግን ስለዚህ ሊያማክሩኝ አልነበረም። ዓረብ አገር ሠርታ የምታድር ልጃቸው ለሌላ መርፌ የሚሆን ገንዘብ ልካላቸዋለች። አንድ ዘመድ «እንደ ዘይት ጉልበትን የሚያለሰልስ መርፌ አለ» ብሏቸዋል። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ «ልወጋው ወይስ ልተወው?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ የእኚህ እናት ብቻ አይደለም። ዛሬ ለከባድ የጉልበት ሕመም የሚሰጡ መርፌዎችና ሕክምናዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ይጠቅማሉ፣ አንዳንዶቹ ከዋጋቸው ያነሰ ጥቅም አላቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሲደጋገሙ ይጎዳሉ። እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ምን እንደሚሠራ ብታውቁ ይበጃል።

ሕመሙ ከየት ይነሳል?

ጉልበት የጭን አጥንት፣ የቅልጥም አጥንትና የጉልበት ሎሚ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። አጥንቶቹ የሚነካኩበት ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳ ሽፋን ተለብጧል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ክብደት ሲጨምር ወይም ቀደም ሲል በመውደቅ አሊያም በኳስ ጨዋታ የደረሰ ጉዳት ካለ ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል። በሕክምናው ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። ብዙ ታካሚዎች «የጉልበቴ ፈሳሽ አለቀ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ካርቲሌጅ ራሱ ነርቭ የለውም፤ ስለዚህ አያምም። የሚያመው ከሥሩ ያለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሥጋና ዙሪያውን ያሉት ጅማቶች ናቸው። ራጅ ላይ እጅግ የተጎዳ ጉልበት ይዞ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው የምናየው፣ በአንጻሩ ጥቂት ጉዳት ይዞ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የሚያጋጥመን በዚህ የተነሳ ነው። ሕክምናው የሚወሰነው በራጁ ብቻ ሳይሆን በሰውየው ሕመምና በዕለት ኑሮው ላይ በደረሰው እክል ነው።

ደግሞም የጉልበት ሕመም ሁሉ ኦስቲዮአርትራይተስ አይደለም። ሪህ፣ የሩማቶይድ ብግነት፣ የመገጣጠሚያ ቲቢና የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ጭምር ሕመማቸው ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም መርፌ ከመርመር በኋላ እንጂ ከመርመር በፊት አይመጣም።

ነርቭ ማደንዘዝ ምንድን ነው?

የጉልበትን ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሱ፣ ጄኒኩላር የሚባሉ ቀጫጭን ነርቮች በጉልበት ዙሪያ አሉ። ሐኪሞች «ነርቭ ብሎክ» የሚሉት ሕክምና በእነዚህ ነርቮች አጠገብ ጥቂት ማደንዘዣ መድኃኒት በመርፌ መስጠት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት ሦስት ቦታዎች ናቸው፤ ከጉልበት በላይ በውስጥና በውጭ በኩል፣ ከጉልበት በታች ደግሞ በውስጥ በኩል። ከታች በውጭ በኩል በአብዛኛው አይነካም፤ እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ እዚያ አካባቢ ስለሚያልፍ እሱን ላለመጉዳት ነው።

ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ይደረግለታል። ቆዳው በሚገባ ከጸዳ በኋላ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየተመለከተ መርፌውን ወደ ቦታው ያደርሳል። የሚሰጠው እንደ ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን ያለ ማደንዘዣ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ስቴሮይድ ይቀላቀልበታል። ሥራው ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ታካሚው አልጋ ሳይዝ፣ ለጥቂት ጊዜ ከታየ በኋላ በዚያው ቀን ከአጃቢው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማደንዘዣው ብቻውን የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ስቴሮይድ ሲጨመርበት እፎይታው ለጥቂት ሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል። «ታዲያ ለሰዓታት ብዬ ለምን እወጋለሁ?» ይሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ብሎክ በአብዛኛው ሙከራ ስለሆነ ነው። ሕመሙ በግማሽና ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ ሕመሙን የሚያመላልሱት እነዚያ ነርቮች መሆናቸው ይታወቃል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ረዘም ያለ ሕክምናም ተስፋ ይኖራል። ምንም ካልቀነሰ ሐኪሙ ፊቱን ወደ ዳሌ፣ ወደ ወገብ ወይም ወደ ሌላ ምክንያት ማዞር አለበት።

ስለዚህ ብሎክ የተደረገልዎ ዕለት ሕመሙን በየሰዓቱ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እየመዘኑ ይጻፉ፤ መጻፍ ካልቻሉ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይጻፍልዎ። የሚያምዎትን ነገር፣ ለምሳሌ ደረጃ መውጣትን፣ ሰው አጠገብዎ ሆኖ በጥንቃቄ ይሞክሩት። ቀኑን ሙሉ ተኝተው ከዋሉ ግን መርፌው ይሥራ አይሥራ ማወቅ አይቻልም።

አንባቢያን ከሌላ ዓይነት ብሎክ ጋር እንዳያምታቱት። ለቀዶ ሕክምና ወይም ለስብራት ተብሎ በጭን ላይ የሚሰጠው ብሎክ ትልልቅ ነርቮችን የሚያደነዝዝ ሲሆን፣ ለጊዜው የጭን ጡንቻን ሊያዝል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ የተሰጠው ሰው ያለ ደጋፊ ከተነሳ ሊወድቅ ይችላል። የጄኒኩላር ነርቮች በዋናነት ስሜትን የሚያስተላልፉ ስለሆኑ ግን በትክክል ከተሠራ እግር አይዝልም።

ነርቭን በሙቀት ማክሰም

ሙከራው የተሳካለት ሰው ራዲዮፍሪኩዌንሲ ወደሚባለው ሕክምና ሊሸጋገር ይችላል። ቀጭን መርፌ ነርቮቹ አጠገብ ይቀመጥና ጫፉ በኤሌክትሪክ ሞገድ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ሙቀቱ ለአንድ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ተኩል ሲቆይ ነርቩ መልእክት ማስተላለፉን ያቆማል። በደቡብ ኮሪያ በ38 አረጋውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ሕክምናውን በእርግጥ ካገኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ ቀንሶላቸዋል፤ ለማነጻጸሪያ መርፌው ብቻ ገብቶ ሙቀት ካልተሰጣቸው መካከል ግን አንድም አልነበረም። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም በር ከፋች ሆኖ ሌሎች ተከትለውታል።

እፎይታው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ነርቩ መልሶ ስለሚያድግ ሕመሙ ሊመለስ፣ ሕክምናውም ሊደገም ይችላል። ከሕክምናው በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ቦታው ሊቆጠቁጥ ወይም ቆዳው ሊደነዝዝ ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። መሣሪያውም ሆነ የሠለጠነው ባለሙያ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ስለዚህ ሐኪምዎ ወደሚመለከተው ሪፈራል ሆስፒታል መጻፍ ይኖርበታል።

ይህ ሕክምና በተለይ የሚረዳው ሁለት ዓይነት ሰዎችን ነው፤ በኩላሊት፣ በጨጓራ ወይም በልብ ችግር ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ክኒን መዋጥ የማይችሉትን፣ እንዲሁም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሆኖ በጤናቸው ምክንያት ወይም በተራ ጥበቃ የዘገየባቸውን። የሳሳውን ካርቲሌጅ ግን አይመልስም።

መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገቡ መርፌዎች

«ነጭ ነገር» የተባለው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ ነው። ጉልበት አብጦ በሚያቃጥልበት ወቅት ፈጣን እፎይታ ይሰጣል፤ በቀናት ውስጥ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ችግሩ መደጋገሙ ላይ ነው። በአሜሪካ በ140 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት ስቴሮይድ የተወጉትን የጨው ውሃ ከተወጉት ጋር አነጻጽሯል። ስቴሮይድ የተወጉት ካርቲሌጃቸው ይበልጥ ሳስቷል፤ በሕመም ረገድ ግን ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ መርፌው ቢሰጥ እንኳ ቢያንስ የሦስት ወር ልዩነት ሊኖረው ይገባል፤ በየሦስት ወሩ እንደ ልማድ መወጋትም አይመከርም።

የስኳር ሕመም ያለብዎ ከሆነ ስቴሮይድ ከተወጉ በኋላ ለቀናት የደም ስኳርዎ ሊጨምር ስለሚችል ይለኩ። በቅርቡ የጉልበት ቅየራ የሚደረግልዎ ከሆነ ደግሞ፣ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ የተወጉት ስቴሮይድ የኢንፌክሽን ስጋትን ስለሚጨምር ለቀዶ ሐኪሙ መናገር አለብዎ።

«እንደ ዘይት የሚያለሰልስ» የተባለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። በተፈጥሮ በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኝ ዝልግልግ ነገር ነው። ሐሳቡ ቢያምርም በርካታ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ከጨው ውሃ ያለው ብልጫ ታካሚው እምብዛም የማይሰማው ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚም ለሁሉም ታካሚ በዘልማድ እንዲሰጥ አይመክርም።

ከታካሚው ከራሱ ደም ተጣርቶ የሚሰጠው ፒአርፒም በሰፊው ይወራለታል። በአውስትራሊያ በ288 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ግን፣ ከዓመት በኋላ በሕመምም ሆነ በካርቲሌጅ መጠን ከጨው ውሃ የተለየ ውጤት አላገኘም።

በእነዚህ ጥናቶች የጨው ውሃ የተወጉ ሰዎችም ለጊዜው ተሽሏቸዋል። የጉልበት ሕመም አንዴ እየባሰ አንዴ እየቀለለ የሚሄድ ስለሆነ፣ ሰው ደግሞ መርፌ የሚወጋው ሲብስበት ስለሆነ፣ የሚቀጥለው መሻል ለመርፌው ይቆጠርለታል። ጎረቤትዎ «እኔን አድኖኛል» ቢልዎ ዋሸ ማለት አይደለም፤ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ቀዶ ሕክምናስ?

በቀጭን ካሜራ ገብቶ የሳሳ ጉልበትን ማጠብና መፋቅ ቀድሞ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሂውስተን በ180 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ የተሰፋላቸው ሰዎች በእርግጥ ጉልበታቸው ከታጠበላቸው ጋር እኩል እንደሆኑ አሳየ። ዛሬ ለኦስቲዮአርትራይተስ ብቻ ተብሎ እንዲሠራ አይመከርም።

የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ግን ሌላ ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ለሚነሳቸው፣ መራመድ ላቃታቸውና ሌላው ሕክምና ላልረዳቸው ሰዎች ዛሬ ካሉት ሁሉ የላቀ ውጤት የሚሰጠው እሱ ነው። ከየአገሩ ተሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ መረጃ እንደሚያመለክተው፣ ከ100 ሙሉ ቅየራዎች 82 ያህሉ እስከ 25 ዓመት ያገለግላሉ። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ደም መርጋትና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ቢሆንም በየጊዜው ለማይረባ መርፌ የሚወጣው ገንዘብ ተደምሮ ለዚህ ሊረዳ ይችል እንደነበር ብዙ ቤተሰብ የሚያስበው ከረፈደ በኋላ ነው።

እፎይታውን በምን ይጠቀሙበት?

ከመርፌዎቹ ሁሉ ይልቅ ታካሚዎቼ የሚንቁት እንቅስቃሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 156 ታካሚዎችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት፣ ፊዚዮቴራፒ ያገኙት ከዓመት በኋላ ስቴሮይድ ከተወጉት የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል። የጭን ጡንቻ ሲበረታ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጋራዋል። ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩን ስለሚያሳርፍ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ሕመሙ ይብሳል። ነርቭ ብሎክም ሆነ ሌላ መርፌ ዋና ጥቅሙ ይህን አዙሪት ለመስበር ጊዜ መስጠቱ ነው። በዚያ ጊዜ ጡንቻዎን ካላጠነከሩ መርፌው ሲያልቅ ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

በቤትዎ እንዲህ ይጀምሩ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። አንድ እግርዎን ቀስ ብለው ዘርግተው አምስት እስኪቆጥሩ ድረስ ያቆዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያውርዱት። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይሥሩ። መጠነኛ ሕመም ቢሰማዎ አይፍሩ፤ በማግስቱ ካበጠ ግን ይቀንሱ። ከዱካ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀሙ። ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ እጅዎ ይያዙት። ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነ አንድ ኪሎ በቀነሱ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል።

ዳይክሎፌናክንና መሰሎቹን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ አይውሰዱ። ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ደም ግፊትን ይጨምራሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። በጾም ወቅት ምግብም ውሃም ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች በባዶ ሆዳቸው ሲውጧቸው ጉዳቱ ይብሳል። የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር ተመካክረው ከምግብ በኋላ ያድርጉት።

ከመወጋትዎ በፊት የሚጠይቁት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ የስኳር ሕመም፣ የመድኃኒት አለርጂ ወይም ቆዳዎ ላይ ቁስል ካለ፣ ቀደም ሲልም የተወጉት ነገር ካለ ሳይደብቁ ይናገሩ። ከዚያም እነዚህን ይጠይቁ፦

1. የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? በወረቀት ይጻፉልኝ።
2. ለምን ያህል ጊዜ ይረዳኛል ብለው ይጠብቃሉ?
3. የሚሰጠው መገጣጠሚያው ውስጥ ነው ወይስ ነርቩ አጠገብ? በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየታየ ነው?
4. ካልሠራስ ቀጣዩ ምንድን ነው?

መልስ የማይሰጥዎትን ባለሙያ ለመተው መብት አለዎት። ጉልበት ውስጥ የሚገባ መርፌ በንጹሕ ቦታና በሠለጠነ እጅ ብቻ ይሰጥ። ንጽሕናው ከተጓደለ ወደ መገጣጠሚያው የሚገባ ጀርም በቀናት ውስጥ ጉልበትን ሊያበላሽ ይችላል።

የማይቆዩባቸው ምልክቶች

ጉልበትዎ በድንገት አብጦ ከቀላና ከጋለ፣ በተለይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለው፤ ከወደቁ በኋላ እግርዎን መርገጥ ካቃተዎ፤ ጉልበትዎ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፤ ባትዎ አብጦ ካመመዎ፤ ወይም የሌሊት ሕመም ከክብደት መቀነስና ከላብ ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ወደ ወጌሻ ሄደው ያበጠን ጉልበት አያሳሹ። መርፌ ከተወጉ በኋላ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከባሰም ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱ።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። የደም ምርመራቸው ኩላሊታቸው መዳከም መጀመሩን አሳየ፤ ዳይክሎፌናኩ ያን ቀን ቆመ። በላካቸው ገንዘብ ዝልግልጉን መርፌ እንዳይገዙበት መከርኳቸውና ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ጻፍኩላቸው። እዚያ የነርቭ ብሎክ ተደረገላቸው። ልጅ ልጃቸው በደብተር የጻፈችው የሕመም ቁጥር ጠዋት 8፣ ከሰዓት በኋላ 3 ይላል። ባገኙት ጥቂት ሳምንታት እፎይታ የወንበሩን እንቅስቃሴ ጀመሩ፤ እስካሁንም አላቋረጡም። ሕመሙ በከፊል ተመልሷል፤ አሁን የቅየራ ተራ እየጠበቁ ነው። የልጃቸው ገንዘብም ለዚያ ተቀምጧል።

ስግደቱ ገና ነው። የንስሐ አባታቸው ቆመው ወይም ተቀምጠው እንዲጸልዩ ነግረዋቸዋል። ባለፈው ሲመጡ ግን ከወንበሩ የተነሱት ጠረጴዛዬን ሳይደገፉ ነው። እርስዎም በቤትዎ እንዲህ የሚነሳ እናት ወይም አባት ካለ፣ ለቀጣዩ መርፌ ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት የመድኃኒት ፌስታላቸውን ይዘው በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ አብረዋቸው ይሂዱ።